ውሃው መጀመሪያ ለብረቱ

አንዳይናው ቱርሃን በታላቅ ወንድሙ በሳቢት ቀብር ላይ ምን እንደሚል ኤርዙሩም በምትባለው የቱርክ ከተማ ውስጥ ያልሰማ ሰው አልነበረም። ያወራውም ራሱ ነው፤ ያውም በጁምዓ ቀን፣ ከመስጊድ ወጥቶ ደረጃው ላይ ጫማውን እያሰረ።

«ሳቢት የሞተ ቀን እመጣለሁ» አለ፣ የወጣው ሰው ሁሉ እየሰማው። «ከፊተኛው ሰልፍ ነው የምቆመው። ኢማሙ ‹ሐቃችሁን አፉ ትሉታላችሁ ወይ?› ብሎ ሲጠይቅ እናንተ ‹አፉ ብለናል› በሉ። እኔ ‹አልልም› እላለሁ። ሦስቴ ቢጠይቅ ሦስቴ!»

ሽማግሌዎቹ አንድ እግር ጫማቸውን በእጃቸው እንደያዙ «አስተግፊሩላህ በል፣ አንተ ልጅ!» እያሉ ጮኹበት። እዚያ ከተማ ሰው በሕይወት ሳለ ይጣላል፣ ይካሰሳል፣ ይፈነካከታል፤ ጀናዛው ከሚሰገድበት ድንጋይ ላይ ካረፈ በኋላ ግን ደመኛው እንኳ አንገቱን ደፍቶ ሐቁን ይለቅለታል። «አልልም» ተብሎበት የተቀበረ ሰው አይታወቅም። ሳቢት ከላይኛው ደረጃ ቆሞ ቃል በቃል ሰምቷል። ወረደና በቡጢ አፉን አለው። ሁለቱን ለማላቀቅ ግማሽ ጀመዓ ፈጀ፤ ከገላጋዮቹም አንዱ መነጽሩን፣ አንዱ የፊት ጥርሱን ከፍሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሁለቱም ቤት በጋዝ የሚያሞቀውን ቦይለር ጠጋኞች ናቸው። ሱቆቻቸው በአንድ ጠባብ መንገድ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ይተያያሉ። ጠዋት በራፋቸው ላይ ያደረውን በረዶ በአካፋ ሲዝቁ አንደኛው ወደ ሌላኛው ደጃፍ ይወረውራል፤ ያም መልሶ ይወረውራል። ደንበኛ በመሃል ካለፈ ለሁለቱም ጠላት ሆኖ ያልፋል።

ቱርሃን ሙያውን የተማረው ከሳቢት ነው፤ የተማረውም በዱላ ነው። አባታቸው የከሰል ምድጃ ጠራጊ ነበር፤ ጥቀርሻው ሳንባውን ጨርሶ ሲገድለው ትንሹን ልጅ ለትልቁ ተወለት። ሳቢት ደግሞ ሰውንም ብረትንም በአንድ ዓይን ነው የሚያየው፤ ካልተቀጠቀጠ አይቀናም ብሎ ያምናል።

ቦይለር በሆዱ ውስጥ ሙቀት ለዋጭ የሚባል ነገር አለው። እሳቱ በአንድ ፊት፣ ውሃው በሌላ ፊት እያለፉ ሙቀት የሚቀባበሉበት፣ እንደ ዓሣ ስንጥብ በቀጫጭን ክንፎች የተሰገሰገ የአሉሚኒየም አካል ነው። ጭሱ እዚያ ይቀዘቅዝና ያልበዋል፤ ላቡ ከጥቀርሻው ጋር ተለውሶ እንደ አተላ በክንፎቹ መሃል ይጋገራል። በየዓመቱ ካልተጠረገ እሳቱ ይታነቃል። የታነቀ እሳት ደግሞ መርዝ ይተፋል።

የዚህ ሥራ ደንብ ሁሉ በቱርሃን ገላ ላይ ምልክት አለው። «ጋዙን ሳትዘጋ ምንም ነገር አትንካ» ማለት የግራ እጁ ትንሿ ጣት ናት፤ በመፍቻ ተመትታ ተጣማ ቀርታለች። «ክንፎቹን በሽቦ ብሩሽ አትፈትግ፣ በላስቲክ ብሩሽና በውሃ ብቻ» የሚለው ቅንድቡ ላይ ያለው ስፌት ነው። «የደረቀ የክዳን ማሸጊያ ጓርኒሲዮን መልሰህ አትግጠም» ያለው ጥፊ የቀኝ ጆሮውን እስከ ዛሬ ያስፏጨዋል። ከሁሉ የባሰችው ግን የሲፎኗ ነበረች። ከቦይለሩ ሥር፣ የጭሱ ላብ የሚወርድባት፣ ኩባያ የምታህል የላስቲክ ሲፎን አለች። ውሃ ከሞላባት ጭሱን ታግደዋለች፤ ባዶ ከሆነች ጭሱ በእሷ በኩል ቁልቁል ወርዶ ቤት ይገባል። ቱርሃን አንድ ቀን አጠባትና ባዶዋን ገጠማት።

«ሞላህባት?» አለ ሳቢት።

«ኧረ ጋሼ፣ እሳቱ ሲነድ ራሷ ትሞላለች።»

ሳቢት የመታው በተዘረጋ እጅ አልነበረም። ቱርሃን መንጋጋ ጥርሱን መዳፉ ላይ ተፋው።

«ሞልተህ ትገጥማታለህ። ከዚያ ቁጢጥ ብለህ ታያታለህ። ተጣማ ከገባች ታንጠባጥባለች፣ አንጠባጥባ አንጠባጥባ ትደርቃለች። የሚያንጠባጥብ ሲፎን ያለበት ቤት ሬሳ ያድርበታል። ገባህ?»

«ገባኝ ጋሼ።»

«ጥርሷን እንዳትጥላት። ስትረሳ እያት።»

አልጣላትም። በዕቃ ሳጥኑ ጥግ፣ በጓርኒሲዮኖቹ መሃል አስቀመጣት።

ዓይኑ የጠፋችው በአንዲት ባልቴት በረንዳ ላይ ነው። ሙቀት ለዋጩ ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠረግ ኖሮ በክንፎቹ መሃል የተጋገረው ነገር ድንጋይ ሆኗል። ሳቢት ዕቃ ሊያመጣ ወደ ሱቅ ወርዷል። ባልቴቲቱ «ልጄ፣ በብርድ ደረቅሁ እኮ፣ ምን ትዳብሰዋለህ?» እያሉ ሲወተውቱት ቱርሃን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ ሽንት ቤት የሚፈተግበት አሲድ ጥግ ላይ ቆሟል። በዚያ ከተማ ሴቱ ሁሉ ሰድሩንም፣ ገንዳውንም፣ አልለቅ ያለውን ሁሉ የሚያስለቅቀው በዚያ ነው። ሰድር ያስለቀቀ ይህንንስ ምን ይሳነዋል አለና ክንፎቹ ላይ አንቆረቆረው። አሉሚኒየሙ እንደ እባብ ፉ አለ፤ አረፋው ገንፍሎ ወለሉን አለበሰው።

ሳቢት በበሩ ገባ። በያዘው መፍቻ የቱርሃንን ክንድ አለው። ጠርሙሱ ተስፈነጠረ፤ በውስጡ የቀረው ሁሉ ቱርሃን ፊት ላይ ተደፋ።

ጩኸቱን ከምድር ቤት ያለው ሥጋ ሻጭ ሰምቶ ቢላዋውን እንደያዘ ወጥቷል። ቱርሃን በጉልበቱ እየዳኸ «ውሃ! ጋሼ፣ ውሃ!» ይላል። የቧንቧው መከፈት ተሰማው። ውሃው ሲንፎለፎል ተሰማው። ፊቱን ቀና አድርጎ ጠበቀ። ውሃው ግን ወደ እሱ አልመጣም። ሳቢት ጎማውን ይዞ፣ አሲዱ ብረቱን ሳይበላው፣ ሙቀት ለዋጩን እያጠበ ነበር። ብረቱን አጥቦ ሲያበቃ ነው ወደ ወንድሙ የዞረው። በመሃል ያለፈችው ጊዜ አንዲት ፋቲሃ እንኳ አታስቀራም። የቀኝ ዓይኑ ያለቀችው ግን በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።

«እጁን ነው የመታሁት እንጂ ዓይኑን አልመታሁም» ይላል ሳቢት፣ የሚጠይቀው ደፋር ሲገኝ።

ቱርሃን ደግሞ «የመታኝን ሁሉ አፉ ልለው እችላለሁ» ይላል። «ውሃውን መጀመሪያ ለብረቱ ያደረገውን ግን አልልም። እዚህም አልልም፣ ጀናዛው ላይም አልልም።»

ከዚያ ወዲያ ለብቻው ሠራ። ብቻውን ሲሆን መልአክ ሆነ ማለት አይደለም። ሻይ ቤት ውስጥ «አንዳይናው፣ የቀረችዋን ለማን አስቀመጥካት?» ያለውን ሹፌር በመዳብ ትሪ ግንባሩን ከፍቶታል፤ ሹፌሩም ወንበር ሰብሮበታል፤ ማታውን አብረው ተሰፍተው አብረው ራት በሉ። ቦይለር ፊት ሲቆም ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ጋዙን ዘግቶ፣ ክዳኑን ፈትቶ፣ ክንፎቹን አንድ በአንድ በስስ ላስቲክ እየፈለፈለ፣ ሕፃን እንደሚያጥብ ሰው በለብታ ውሃ ያጥበዋል። በአንድ ዓይኑ ተጠግቶ ስለሚያይ ትንፋሹ ብረቱ ላይ ጤዛ ይሠራል። ሰው ላይ የሚያነሳት እጅ ያቺው እጅ ናት ቢሉት ማንም አያምንም።

አንድ የበረዶ ወራት፣ ረፋዱ ላይ፣ የሳቢት ሚስት ናዚሬ የሱቁን በር በእግሯ ከፍታ ገባች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ወንድምህ እየሞተ ነው።»

«አላህ ያፍጥንለት።»

የጥፊዋ ድምፅ ማዶ ድረስ ተሰማ። ቱርሃን ጉንጩን እያሻሸ «እትዬ ናዚሬ፣ ይቺን ከባልሽ ነው የተማርሽው?» አላት።

«ከሱ ከበላሁት ላይ ቀንሼ ነው የሰጠሁህ! ዝም በልና ስማኝ። ሰሞኑን ራሱን ያዞረዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ቆሞ መሄድ አቅቶታል። ሐኪም ቤት እንውሰድህ ያሉትን ጎረቤቶች በምድጃ ብረት አባረራቸው። እኔ የጠራሁትን ቦይለር ጠጋኝ ደግሞ ደረጃው ላይ ገፍትሮ ጣለው። ቋንቋው አንድ ነው፤ ‹ቱርሃንን አምጪልኝ፣ አፉ ይበለኝና ልሙት።›»

«ሞቱ እንዲለሰልስለት ነው አፉ የምለው? ይኮርኩረው!»

«የድንጋይ ልጅ! እኔም እኮ ታምሜያለሁ፤ ማን ጠየቀኝ? ራሴን ይፈልጠኛል። ገበያ ስወጣ ይለቀኛል፣ ቤት ስገባ ያነሳብኛል። የዚያን ሰውዬ ፊት ማየት ነው ያመመኝ እላለሁ።»

ቱርሃን የያዘውን ብሩሽ አስቀመጠ። «ስትወጪ ይለቅሻል?»

«ይለቀኛል።»

«ቦይለራችሁን ማን አጠበው?»

«እሱ ነዋ! ሌላ ሰው ያስነካል? ትኩሳት ይዞት፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ፣ እቺን ከሥር ያለችዋን ፈትቶ አጠበና መለሳት። ላይኛውን ‹ደከመኝ፣ ነገ› ብሎ ተወው፤ ነገም አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ታንጠባጥባለች፤ ሳህን አድርጌባታለሁ።»

«ሳህን።»

«አዎ ሳህን። ምነው?»

«የግድግዳው የአየር ቀዳዳስ?»

«ካልሲውን ጠቅጥቆበታል። ብርዱን ታውቀው የለ? ያልጠቀጠቀ ማን አለ?»

ቱርሃን ካፖርቱን አላነሳም። በሹራቡ ብቻ ወጣ፣ በረዶው ላይ ወድቆ ተነሳ፣ እንደገና ወደቀ፣ ሮጠ። ናዚሬ ቁልፉን ከፍ አድርጋ ይዛ «ቁልፍ! ቁልፉ እኮ እኔ ጋ ነው!» እያለች ከኋላው ትሮጣለች። አልጠበቃትም። ደረጃውን እየዘለለ ወጥቶ በሩን በትከሻው አለው፤ በሁለተኛው ማጠፊያው ተነቅሎ ወደ ውስጥ ወደቀ።

ቤቱ ሞቋል፤ የሞተ ሙቀት ነው። ጉሮሮን የሚቧጥጥ ነገር አለው። የጋዙ መዝጊያ ከበሩ አጠገብ፣ እጁ ሥር ነበር። ጋዙን ሳትዘጋ ምንም ነገር አትንካ። የተጣመመች ትንሿ ጣቱ ራሷ አውቃው ወደ መዝጊያው ተዘረጋች። በውስጠኛው ክፍል ሶፋ ላይ ሳቢት አንገቱ ተቆልምሞ፣ ከንፈሩ አረፋ ደፍቆ ይታየዋል። ቱርሃን መዝጊያውን አለፈው።

ኮሌታውን ይዞ ሲጎትተው ሳቢት ዓይኑን ገለጠ። «መጣህ?» አለ፣ አንደበቱ እየተሳሰረ። «ልትገድለኝ መጣህ?» የምድጃውን ብረት ከጎኑ መዝዞ አሳረፈበት። ብረቱ የቱርሃንን የአንገት አጥንት አገኘው፤ እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ አለ። ቱርሃን እንደ በሬ አጓርቶ በግንባሩ አፍንጫውን መታው። ሳቢት እጁን ነከሰው። ተያይዘው ወለሉ ላይ ተንከባለሉ፤ ጠረጴዛው ተገለበጠ፣ የሻይ ብርጭቆዎቹ ከሥራቸው ተፈጩ። ቱርሃን በደህና እጁ ወንበር አንስቶ በበረንዳው መስታወት ላይ ወረወረው። የፓላንዶከን ተራራ ብርድ እንደ ጅራፍ ገባ። ከዚያ የወንድሙን እግር ይዞ፣ ጭንቅላቱን በየደፉ እያላተመ፣ ወደ ደረጃው አወጣው።

እዚያ ደረቱ ላይ ተቀምጦ በጥፊ ያጣድፈው ጀመር። «ተንፍስ! ተንፍስ አንተ ውሻ! እንዳትሞትብኝ! ተንፍስ!»

በየፎቁ በር ተከፈተ። ጎረቤቶቹ ያዩት የሳቢትን ደም፣ የቱርሃንን እጅና የወደቀውን በር ነው። ያንን የጁምዓ ዛቻ ደግሞ ሁሉም ያስታውሱታል። የድሮው ትግል ገጣሚ ሐጂ ዱርሙሽ በፒጃማቸው ወጥተው «ወንድሙን እየገደለው ነው!» አሉና በበረዶ አካፋ የቱርሃንን ጀርባ አሉት። ሌሎቹም ወረዱበት። ማን በጫማ፣ ማን በመጥረጊያ እንጨት እንደመታው እስካሁን በውል አልታወቀም። ቱርሃን ከሥር ሆኖ የሚለው ሁለት ቃል ብቻ ነው፤ «ጋዙን ዝጉ! ጋዙን ዝጉ!»

«ምን ይላል?»

«ጋኔኑ ነው የሚለፈልፈው፣ ድገመው!»

ናዚሬ ትንፋሿ ተቆርጦ ደረሰች። ሐጂን በጺማቸው ይዛ ጎተተቻቸው። «ተዉት እናንተ ከብቶች! ገዳይ አይደለም፣ እያዳነው ነው! ቤቱ መርዝ ሞልቷል!» ብላ ዘላ መዝጊያውን ጠመዘዘችው።

አምቡላንሱ ሳቢትን ይዞ ሄደ። ቱርሃንን ና ሲሉት እንቢ አለ። ቤቱ ተናፍሶ መርዙ እስኪወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጠበቀ፤ ከዚያ የተሰበረ አጥንቱን በናዚሬ ሻሽ አስሮ፣ በመስታወት ስብርባሪው ላይ ተራምዶ፣ ወደ ቦይለሩ ሄደ። ሳህኑ ግማሽ ሞልቷል። ከሳህኑ በላይ ሲፎኗ አንገቷ ተጣሞ ተንጠልጥላለች። ፈታት። በውስጧ ጣቱን አዞረ። እንደ ረመዳን ጉሮሮ ደርቃለች።

«ኤይ ሳቢት!» አለ። መሳቅ ጀመረ፤ ሲስቅ አጥንቱ ይወጋዋል፣ ሲወጋው ይሳደባል፣ ተሳድቦ ይስቃል። ሐጂ ዱርሙሽ አካፋቸውን እንደያዙ በሩ ላይ ቆመው «ልጄ፣ እንግዲህ ባለማወቅ ነው፣ አፉ በለን» አሉት።

«እናንተን አፉ ብያችኋለሁ። ይልቅ ያቺን መብራት ያዙልኝ።»

በአንድ እጁ ክዳኑን ፈታ። ክንፎቹ ታፍነው መስመራቸው አይታይም። በሳቢት ላስቲክ ፈለፈለ፣ በሳቢት ብሩሽ ጠረገ፣ ናዚሬ በማንቆርቆሪያ ለብታ ውሃ ታወርዳለች። ውሃው መጀመሪያ እንደ ሬንጅ ወረደ፣ ቀጥሎ እንደ ሻይ፣ በመጨረሻ ጥርት አለ። ሲፎኗን አጥቦ፣ እስከ አፏ ሞልቶ፣ አቅንቶ ገጠማት። ቁጢጥ ብሎ በአንድ ዓይኑ አያት። ጠብ አላለችም። ካልሲውን ከግድግዳው ነቅሎ ኪሱ ከተተው።

በማግስቱ ክንዱ በጨርቅ ተንጠልጥሎ ሐኪም ቤት ገባ። ሳቢት አፍንጫው አብጦ፣ አፉ ላይ የኦክስጅን ጭንብል ተደርጎለት ተኝቷል። ናዚሬ ከአጠገቡ ብርቱካን ትልጣለች። ሳቢት ጭንብሉን ወደ አገጩ አወረደው።

«መዝጊያው እጅህ ሥር ነበር» አለ።

«ነበር።»

«አልዘጋኸውም። መጀመሪያ ወደ እኔ መጣህ።»

«አደናቅፈኸኝ ነው።»

«እኔ እኮ ሶፋ ላይ ነበርኩ።»

«እግርህ ረዥም ነው።»

ናዚሬ ብርቱካኑን ጣለችው። ሳቢት ሲያለቅስ ያየ ሰው የለም፤ ያን ቀንም አላለቀሰም፤ ግድግዳውን በቡጢ መታው። የተሰካበት የግሉኮስ መርፌ ከክንዱ ተመዝዞ ደሙ አንሶላው ላይ ተረጨ። «ውሃውን መጀመሪያ…» አለ። «መጀመሪያ ለብረቱ… አውቃለሁ። ያኔውኑ አውቄዋለሁ። አፉ በለኝ፣ ወንድምዓለም። እንዲህ ሆኜ አልሙት።»

ቱርሃን ከኪሱ ካልሲውን አወጣና ደረቱ ላይ ጣለለት። ከዚያ ጥርሷን አውጥቶ በመዳፉ ላይ አሳየው። «ሲፎኗ ባዶ ነበረች።»

ሳቢት ጥርሷን አየ። ከዚያ ትራሱ ላይ ፊቱን አዙሮ ጉንጩን ሰጠ። «ምታ» አለ።

ቱርሃን የመታው በተዘረጋ እጅ አልነበረም።

ነርሷ ጮኸች፣ ዘበኞቹ ሮጠው ገቡ፣ ሁለት ሆነው ከወገቡ ታቅፈው ጎተቱት። ናዚሬ «ተዉአቸው፣ እየታረቁ ነው!» ብትል ማን ይስማት። ቱርሃን ከበሩ ላይ እየተጎተተ በደህና እጁ መቃኑን ጨብጦ ጮኸ።

«የጥርሴን አፉ ብዬሃለሁ! የጣቴንም! የቅንድቤንም፣ የጆሮዬንም! የዓይኔን ግን ለተኛ ሰው አልልም! ተነስተህ፣ በእግርህ መጥተህ፣ ሱቄ ድረስ ጠይቀኝ!»

ሳቢት በደም አፉ ይስቅ ነበር።

ሐኪሞቹ ልብህ ተጎድቷል፣ ብዙም አትቆይ ይሆናል ብለውታል። በረዶው ሲቀልጥ በከዘራ ተነስቶ መንገዱን ተሻገረ። ዛሬም በየጠዋቱ ይሻገራል። በራፉ ላይ ያለውን ውርጭ በከዘራው እየወቀረ፣ ቱርሃን ያቀረበለትን ሻይ፣ ስኳሩን በጥርሱ ይዞ፣ እየመጠጠ ይጠጣል። አንዳንዴ በብሩሽ ነገር ይጣሉና ብርጭቆ ይወራወራሉ። ሊሄድ ሲነሳ አንዴ ይጠይቃል።

«አፉ አትለኝም?»

«አልልም።»

«ዛሬም?»

«ዛሬም። ነገ ና።»

ሳቢት ይራገማል፣ ከዘራውን ያነሳል። ሐቅ ተሸክሞ መሞትን ስለሚፈራ ግን አይሞትም። በነጋታው ይመጣል።